ከዋሻው የተቀዳ ውሃ

ወይዘሮ አረጋሽ ልጃቸው ፀዳለ ያገባችበት ደሴት ከመጡ ወዲህ የጠዋት ልማዳቸው አልተለወጠም። ደብረ ብርሃን እንዳሉ ሁሉ ወፍ ሳይንጫጫ ይነሳሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ምሥራቅ ይዞራሉ፣ ውዳሴ ማርያማቸውን ይደግማሉ። የተለወጠው አየሩ ነው። እዚያ በር ሲከፍቱ አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ ይቀበላል፤ እዚህ ግን እንደ በሽተኛ ትንፋሽ የሞቀና የረጠበ ነገር መጥቶ ፊት ላይ ይለጠፋል። ከቤቱ ፊት ለፊት ባሕሩ ቡናማ አረም እየተፋ ዳርቻው ላይ ይከምራል፤ አረሙ ፀሐይ ሲመታው እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሽታው በመስኮት ገብቶ አልጋ ልብሱ ላይ ሳይቀር ያድራል። ፀዳለ ለምዳዋለች። ወይዘሮ አረጋሽ ግን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ «ይኼን ነው በፎቶ ገነት ነው ስትይኝ የነበረው?» ይሏታል።

የመጡበት ጉዳይ አንድ ነው። ፀዳለ ካገባች ቆይታለች፤ ልጅ የላትም። ሐኪሞቹ ሁለቱንም አይተው ምንም የለባችሁም ብለው መልሰዋቸዋል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ከሁሉ የሚብሰው ነው፣ የሚታከም ነገር የለውማ። ወይዘሮ አረጋሽ ሌሎቹን ልጆቻቸውን ድረዋል፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። በዚች በመጨረሻዋ ግን ማህፀናቸው ራሱ የተዘጋ ያህል ያማቸዋል። ስለዚህ ፍልሰታን ከሷ ጋር ጾመው እመቤታችንን ሊለምኑላት መጡ። ፀዳለ አልጾመችም። «ሥራ አለብኝ እማዬ፣ አንቺ ጹሚልኝ» አለቻቸው። ጾሙላት።

ባሏ ክላይቭ የዚያው የደሴቱ ተወላጅ ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ በሚኒባሱ ቱሪስት እያዞረ የሚያስጎበኝ ሰው ነው። ከአማርኛ የሚያውቀው «እማማ»ን እና «በቃኝ»ን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ያስተማሩት አማቱ ራሳቸው ናቸው፣ አስር ጊዜ «ብላ» እያሉ። ቅዳሜ ዕለት ሥራውን ትቶ ደሴቱን ሊያሳያቸው ከፀዳለ ጋር ይዟቸው ወጣ።

መጀመሪያ ምሽጉን አዩ። የዛጉ መድፎች ወደ ባሕር አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል፤ አንዱ አፍ ውስጥ እንሽላሊት ተኝቷል።

«ይኼ ሁሉ መድፍ ለማን ነው?»

«ነጭ ለነጭ ነው እማዬ። ደሴቷን ሲነጣጠቁ።»

«ጥቁሮቹስ?»

«እነሱማ ሸንኮራ ይቆርጣሉ።»

«እግዚኦ» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ፣ መድፉን በዘንጋቸው መታ እያደረጉ።

ፏፏቴውን ወደዱት፤ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ድምፁም የአገር ቤት ወንዝ ያስታውሳል። ከዚያ ወደ ድሮው የስኳር ማብሰያ ፍርስራሽ ወረዱ። ጣሪያው ወድቋል፤ ግድግዳውን የዛፍ ሥር እንደ ጣት ጨብጦታል። መሐሉ ላይ ሸንኮራው ይፈላባቸው የነበሩ፣ በሬ የሚይዙ የብረት ድስቶች ተደርድረዋል። ወይዘሮ አረጋሽ ወደ አንዱ ጎንበስ ቢሉ፣ የዝናብ ውሃ አጠራቅሞ፣ ላዩ አረንጓዴ ቆዳ አውጥቶ፣ ከቆዳው ሥር ቀጫጭን ትሎች ሲጠማዘዙ አዩ። ያስገረማቸው ሽታው ነው። ድስቱ ከተተወ ስንት ዘመኑ፣ ግን አሁንም ለከብት እንደሚሰጠው ሞላሰስ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፤ ከጣፋጩ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ የቆየ ወተት የመሰለ። ምራቃቸውን እንትፍ ብለው ወደ ኋላ አሉ።

ዋሻው ከፍርስራሹ ጀርባ ነው። ክላይቭ ባትሪውን አብርቶ ከፊት ገባ፤ ስለ ድንጋዩና ስለ ሌሊት ወፎቹ እየተናገረ፣ ፀዳለ እያስተረጎመች። ወለሉ በሌሊት ወፍ ኩስ ለስልሶ እንደ ጭቃ ይይዛል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ጫማ ሥር የሚሰነጠቅ ነገር አለ፣ በረሮ ይሁን ሌላ ማየት አልፈለጉም። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ማጅራታቸው ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛ መሆን ሲገባው ለብ ያለ ነው። ውስጥ፣ ዋሻው በሚጠብበት፣ ነጭ የወተት እጣቢ የመሰለ ውሃ የተኛበት ጉድጓድ አለ። ከበላዩ ድንጋዩ ላይ መስቀል ተፈልፍሏል። ከሥሩ ደግሞ ጠርዙን ይዘው የሕፃን ልብሶችና ትንንሽ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ በስብሶ ሻጋታ ለብሷል፣ አንዳንዱ ትናንት የተገዛ ይመስላል።

ወይዘሮ አረጋሽ ልባቸው ዘለለ። ማንም አላስረዳቸውም፤ ማስረዳትም አላስፈለጋቸውም። አገራቸው ጠበል ቦታ ላይ የዳነ ምርኩዙን ጥሎ ይሄዳል፣ ልመናው የሰመረለት ስለቱን ያስገባል። እዚህም ይኼው መስቀሉ፣ ይኼው ውሃው፣ ይኼው እናቶቹ ልጅ ሲያገኙ ያመጡት ስለት።

ክላይቭ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር አለ።

«ውሃውን እንዳትነኩ ነው የሚለው» አለች ፀዳለ።

«ለምን?»

ጠየቀችው። ትከሻውን ነቀነቀና ባትሪውን ወደ መውጫው አዞረ።

«አይነካም፣ አለ በቃ። የቱሪስት ሕግ ነው መሰለኝ። ነይ እንውጣ እማዬ፣ ሽታው አናቴን በላው።»

እነሱ ሲቀድሙ ወይዘሮ አረጋሽ ነጠላዬን ድንጋይ ያዘብኝ ብለው ወደ ኋላ ቀሩ። እጃቸው ላይ የነበረውን ባዶ ሃይላንድ ይዘው ጎንበስ አሉ። ውሃው የሰው ገላ ያህል ይሞቃል። ጣታቸው ሲነካው ወፍራም ነው፤ ይስባል። በጨለማው ውስጥ ጣታቸውን ጥርስ ያላወጣ ሕፃን በድዱ እንደሚይዝ ያለ ነገር ለስለስ አድርጎ ጠባ፣ ጠባ አደረጋቸውና ለቀቀ። ከሥር የሚፈልቀው ነው አሉ ለራሳቸው፤ አማተቡ። ለሰው የሚሰጡትን ጠበል ቀድሞ ራስ መቅመስ ልማዳቸው ነው። ጾማቸውን ስለሆኑም ደስ አላቸው። ሃይላንዱን ሞልተው፣ በስመ ሥላሴ ብለው ከሱ ሦስቴ ፉት አሉ። ጣዕሙ የሳንቲምና የተበላሸ እንገር ጣዕም ነበር፤ ጉሮሯቸው ላይ ቆመ፣ ሊያስመልሳቸው አለ፣ ጠበል አይተፋም ብለው በግድ ዋጡት። ሲወጡ ከንፈራቸውና ሃይላንዱ መሐል የተዘረጋውን ቀጭን ክር በነጠላቸው ጠረጉ።

በነጋታው ሾርባ ሠርተው ከውሃው ጨመሩበትና ለፀዳለ ሰጧት። ብነግራት ሐኪም ሐኪም ትለኛለች ብለው ዝም አሉ። እሷ ሳህኑን ይዛ ወደ ጓዳ ሄደች፤ ባዶውን መለሰችው። ወይዘሮ አረጋሽ ልባቸው ሞልቶ ወደ ምሥራቅ ዞሩ።

ብዙም አልቆየ፣ ፀዳለ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ ጀመረች።

ወይዘሮ አረጋሽ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመው ስትታገል እየሰሙ በደስታ አለቀሱ። ገብተው ጀርባዋን ሊያሹላት ሲሉ ግን እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ከለከለቻቸው፤ ሳታያቸው፣ አፍንጫዋን ይዛ። ይኼም ያለ ነው አሉ። እሳቸውም የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲያረግዙ የባላቸው ጠረን ጠልቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፀዳለ ከሳቸው ጋር ገበታ መቅረብ ተወች። መስኮት ትከፍታለች፣ ሎሚ ቆርጣ በየጥጉ ታስቀምጣለች። ክላይቭ የሞተ አይጥ ፍለጋ አልጋ ገለበጠ፣ ፍሪጁን ከግድግዳ አላቀቀ። አንድ ጊዜ ጎንበስ እንዳለ ሽታውን ሲከተል ሲከተል ሄዶ የወይዘሮ አረጋሽ እግር ሥር ደረሰና ቆመ። ቀና ብሎ አያቸው። አልሳቀም።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» አሉት በአማርኛ።

«በቃኝ» አለ፤ ከ«እማማ» ሌላ የሚያውቃት ቃል እሷው ነቻ። ወጥቶ ሄደ።

ሸርጣኖች መምጣት ጀመሩ። ደሴቱ ላይ በየብስ የሚሄድ ሸርጣን አለ፤ ሬሳም ያገኘውንም የሚበላ፣ ሰው የሚጸየፈው። ወይዘሮ አረጋሽ ጠዋት ለጸሎት ሲነሱ የመኝታ ቤታቸው ደፍ ላይ ተኮልኩለው ያገኟቸዋል፤ ዘንግ የመሰለ ዓይናቸውን አቁመው፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው ዝም ብለው። በመጥረጊያ ሲመቷቸው ይፈረካከሳሉ እንጂ አይሸሹም። የሚፈሰው ነገራቸው ወለሉ ላይ ይቀራል፣ ዝንቡም ይከተላል። ዝንቡ ግን የሸርጣኑን ትቶ እሳቸው ላይ ነው የሚያርፈው።

ሙቀቱ አሳበጣቸው። እህል እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም፣ ከዚያም ቢሆን ሽሮና ጎመን ነው፤ ቀሚሳቸው ግን ከወገባቸው እምቢ አለ። «የባሕር አየር ነው» ብለው ስፌቱን ፈቱት። ቀሚሳቸውን ሲያወልቁ ደረቱ ላይ ርጥብ ያገኛሉ፤ ላብ ነው ብለው ያጥቡታል፤ ሲደርቅ ግን ቢጫ ሆኖ እንደ ሙጫ ይቀራል፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። ሲያጥቡት እጃቸው ላይ ይንሸራተታል፤ እየተጸየፉ ያጥባሉ፣ እየተጸየፉ ይለብሳሉ። አንድ ቀን ከባሕሩ ዳር ተጎንብሰው፣ ያን የገማ አረም በእጃቸው ሞልተው አፋቸው አጠገብ አድርሰውት ራሳቸውን አገኙ። ምራቃቸው አገጫቸው ላይ ወርዷል። ጣሉት፣ እጃቸውን በአሸዋ ፈተጉ፣ ለማንም አልነገሩም። ጾም ነው፣ ርሃብ ነው፣ አሉ። ሐሳባቸው ሁሉ ፀዳለ ሆድ ላይ ነው። ሆዷ ግን ጠፍጣፋ ነው። ገና ነዋ፣ ገና።

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ፀሐዩ ገና ለጋ ሳለ ፀዳለ ሳሎን ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከሳቸው ርቃ። ክላይቭ በር ላይ ቆሟል።

«እንኳን አደረሰሽ እናቴ» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ፣ ከወንበሩ ላይ ከብዷቸው ሲቀመጡ። «በይ አሁን ንገሪኝ። ከእናት ይደበቃል?»

«ምኑን እማዬ?»

«አስመለሰሽ፣ ጠረን ጠላሽ። ስድስት ወልጃለሁ እኮ።»

የፀዳለ ዓይን እንባ ሞላ። «ትናንት ታየሁ። ምንም የለብኝም። ባዶ ነኝ።»

«ያ ሾርባ...»

«ደፋሁት። ይቅር በይኝ፣ ሽታውን አልቻልኩም።» አፏን በእጇ ከደነች፤ በጣቶቿ መሐል ነው የተናገረችው። «የሚያስመልሰኝም ሽታው ነው እማዬ። አንቺ ጋር ነው ያለው። ሐኪም ዘንድ ልውሰድሽ፣ እባክሽ፣ ሰውነትሽ ውስጥ አንድ ነገር በስብሷል።»

ክላይቭ ከበሩ ሳይላቀቅ ጠየቀ፤ ፀዳለ ቀስ ብላ አስተረጎመች። «ከዋሻው ውሃ ነክተሽ እንደሆን ይጠይቅሻል።»

«ጠበሉን ነው? ቀመስኩ እንጂ። ለሷ ብዬ። መስቀል ያለበት፣ እናቶች ስለት ያስገቡበት ውሃ ምን ያደርጋል?»

ይህን ሲሰማ ክላይቭ ባርኔጣውን አወለቀ። ብዙ አልተናገረም። ፀዳለ ግን ስትሰማው ፊቷ ልክ እንደ ዋሻው ውሃ ነጣ።

«ስለት አይደለም ይላል። በሸንኮራው ዘመን እዚያ የተጣሉ ሕፃናት አሉ፤ ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ሰው ልብስና ጫማ የሚያኖርላቸው እናት ፍለጋ እንዳይወጡ ነው።»

ወይዘሮ አረጋሽ «በስመ አብ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ በዚያው ቅጽበት ከእምብርታቸው በታች አንዲት ትንሽ ተረከዝ ገፋ አደረገቻቸው፣ ከጎኗ ሌላ፣ ከሌላዋ ጎን ደግሞ ሌላ፤ ያ የበሰበሰ ጣፋጭ ሽታም ከገዛ ጉሮሯቸው ወጥቶ ቤቱን ሞላው፤ ልጃቸው ግድግዳ ይዛ ስታስመልስ እያዩ፣ እሳቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሽታውን ሳይጸየፉት፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው እሹሩሩ ማለት ጀመሩ።