የኃይለየሱስ ደም ዋጋ

የኃይለየሱስ ሬሳ የተገኘው ሐሙስ ማለዳ፣ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከሻያ ወንዝ ጥቂት ከፍ ብሎ ባለ የገብስ ማሳ ውስጥ ነው። ደረቱ ላይ ጦር እንደተተከለ ነበር። ጦሩ የከድር መሆኑን ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከድር የሟቹ ገባር ነው፤ አገሩ በጦር በተያዘ ጊዜ ያባቱ መሬት ለወታደሩ ለኃይለየሱስ ተሰጥቶበት፣ በዚያው መሬት ላይ እያረሰ እህልና ማር ሲገብርለት የኖረ ሰው። ስለዚህ ማንም ብዙ አልጠየቀም። ረፋድ ላይ ከድር በሰንሰለት ታስሮ ጎባ ገባ።

ነገሩን እንዲያጣሩ የታዘዙት ባላምባራስ በየነ ነበሩ። ዐይናቸው ስል፣ ጉልበታቸው ሕመምተኛ፣ ሙገሳ ደግሞ ትንሽ የሚወዱ ዳኛ ናቸው። በዚያ ሰሞን ሙገሳው ሞልቶላቸው ነበር። ባለፈው ወር ባጋርፋ በኩል አንድ ባለዕዳ ወታደር ተገድሎ፣ አበዳሪው ነጋዴ ገብረ መድኅን «የደም ዋጋው ለዕዳዬ ይሁን» ብሎ ቢሟገት፣ እሳቸው «የደም ዋጋ ሟች በሕይወቱ ያልጨበጠው ገንዘብ ነው፤ የሚስቱና የልጆቹ እንጂ ያበዳሪ አይደለም» ብለው ፈረዱ። ችሎቱ ሲበተን አንዲት ሴት ጉልበታቸውን ስማ «እውነት ነው ጌታዬ? ሟቹ ባለዕዳ ቢሆንም?» አለቻቸው። «ቢሆንም» አሉና ጢማቸውን ዳበሱ። ፊቷን እንኳ ልብ ብለው አላዩትም።

አሁን ከበቅሏቸው ወርደው ሬሳው አጠገብ ተንበረከኩ።

«ትናንት እዚህ ዘንቧል?»

«አዎን ጌታዬ፤ ቀኑን ሙሉ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም ደምመላሽ።

ባላምባራስ የሟቹን ባዶ እግር አነሡ። ተረከዙ ንጹሕ ነው፤ በጥፍሮቹ ሥር እንኳ ጭቃ የለም። በሁለቱ አውራ ጣቶች ላይ ቀጭን ሰርጓዳ መስመር ይታያል። በጦሩ ዙሪያ ሸማው ላይ ያለው ደም ከመዳፍ አይበልጥም፤ ከሥሩ ያለው አፈርም ውሃ እንጂ ደም አልጠጣም። በሸማው መልሰው ሸፈኑት።

ወደ ሟቹ ቤት ሄዱ። ሚስቱ ወለተ ማርያም ሰባት ዓመት ያልሞላትን ልጇን እኅተማርያምን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ተቀምጣለች።

«ባልሽ መቼ ነው ከቤት የወጣው?»

«ማክሰኞ ከቆላው፣ አንገቱ ከሚባለው ጫካ ተመለሰ። ትናንት አመሻሽ ላይ ከከድር ማሩን ልቀበል ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

«ከቆላ ሲመለስ ደኅና ነበር?»

«ደኅና ነበር» አለች፤ ቸኩላ።

«ደሙን ነው የምትጠይቁት ወይስ ዋጋውን?»

«ዋጋውን» አለ ተከትሏቸው የገባው ደምመላሽ።

ባላምባራስ ደምመላሽን አዩት። ወንድሙ በጦር የሞተበት ሰው ደም ደም ብሎ ሲፎክር ነበር የሚያውቁት። ይኼኛው መሬት መሬት ያያል። ዋጋው መቶ ሃያ ብር ነው፤ ከድር ከነዘመዱ አዋጥቶ መክፈል ካልቻለ ለሟች ዘመድ ተላልፎ ይሰጣል። ከድር መቶ ሃያ ብር በሕልሙም አይቶ እንደማያውቅ ሁሉም ያውቃል።

ገብረ መድኅንን ከሱቁ በር ላይ አገኙት። ነጋዴው አልተደባበቀም።

«ሰማንያ ብር አበድሬዋለሁ። ግን ሞቱ ምን ይጠቅመኛል? የደም ዋጋው እንደማይደርሰኝ እርስዎ ራስዎ ፈርደውብኛል። ኃይለየሱስ ለእኔ በቁሙ ነበር የሚሻለኝ።»

«ካልከፈለ ልጅቱን እወስዳለሁ ብለህ ነበር አሉ።»

«እስኪከፍል ቤቴ ታገልግል አልሁ። ስንቱ የሚያደርገው ነው።»

ከድር ግን ከግንድ ጋር ታስሮ፣ ቁርጭምጭሚቱ በብረቱ ተልጦ ነበር።

«ነጋ ቡልቴ፣ ከድር?» ብለው በሱ ቋንቋ፣ በሰላም አድሮ እንደሆን ጠየቁት።

«ነጋ» አለ በልማድ፤ ከዚያ የራሱን እግር አየ።

«ጦሩ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ግን ወላሂ፣ ሁለት ሳምንት አልጨበጥሁትም። ማሩ ጎደለ ብለው እነ ኃይለየሱስ መያዣ አደረጉት። ቤታቸው፣ ከምሰሶው ላይ ታስሮ ነበር። ለያዙኝ ሰዎች ነገርኋቸው።»

«ምን አሉህ?»

«ማን ሰማኝ፣ ባላምባራስ?»

ባላምባራስም ይህን ለመጠየቅ አንድ ቀን ዘግይተው ነበር የመጡት፤ ያን ጊዜ ጆሯቸው ጋለ።

ቅዳሜ ጧት አውጫጭኝ ተጠራ። ሕጉ የታወቀ ነው፤ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ያገሩ ሰው ከሸንጎው ንቅንቅ አይልም። ከትልቁ ኮሶ ሥር ሁሉም ተቀመጠ፤ ከድርም ከነሰንሰለቱ መጣ።

«ዝናብ ቀኑን ሙሉ በዘነበበት ማሳ ላይ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው» አሉ ባላምባራስ «እግሩ ታጥቦ ተገኘ። ስለዚህ በእግሩ አልሄደም፤ ተጭኖ ነው የመጣ። ጦር ልቡን የበሳው ሰው አፈሩን በደም ሊያጠጣው ይገባ ነበር። ይኼ አላጠጣም፤ ሲወጋ ሞቶ ነበር።»

ሰዉ ተጉረመረመ።

«በምን ሞተ? ከቆላ በተመለሰ ባንድ ቀኑ። በንዳድ ነው፣ በገዛ አልጋው ላይ። አውራ ጣቶቹ ላይ የክር ምልክት አየሁ። ሬሳ አጥቦ፣ ጣት ለጣት በፈትል አስሮ የሚገንዝ ማን ነው? የከድር ወገን እንዲህ አያደርግም። የኛ ወገን ነው። የገነዙት ሰዎች ቄስ ሊጠሩ ነበር። መካከል ላይ ሌላ ሐሳብ መጣባቸውና ክሩን ፈቱት። ምልክቱ ግን አልጠፋም።»

ደምመላሽ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ጦሩ ከማን ቤት ወጣ? በመያዣ ከተያዘበት ቤት። ከሞቱ ማን ይጠቀማል? አበዳሪው አይደለም። አበዳሪው ሊነካው የማይችለው ገንዘብ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የደም ዋጋ። ይህን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ጉልበቴን ስማ የጠየቀችኝን ሴት ትናንት አስታወስኋት።» ድምፃቸው ወረደ። «ደምመላሽ፣ ሬሳውን በወንድምህ በቅሎ የጫንኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ፤ እኔ ወጋሁት» አለ ደምመላሽ ከጋቢው ውስጥ።

«አይደለም» አለች ወለተ ማርያም፤ ተነሥታ ቆመች። «እሱስ አልደፈረም፣ ጦሩን ጥሎት ወጣ። ያጠብሁትም እኔ፣ የወጋሁትም እኔ። በደሙ ዋጋ ልጄን ልዋጅ፣ እንዳይወስዷት ብዬ ነው። ሬሳ አያመውም አልሁ።» ወደ ከድር ልትዞር ሞከረች፤ አልቻለችም። «ከድር የሚባል ሰው መኖሩ ትዝ ያለኝ ጦሩን ከተከልሁት በኋላ ነው። ትዝ ብሎኝም ዝም አልሁ።»

ከተሰበሰበው ሰው ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም። ከድርን አስረው ያመጡት ሰዎች በተለይ ሣር ሲነቅሉ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው ገብረ መድኅን ነው። «እንግዲህ የደም ዋጋ ከሌለ፣ የኔ ዕዳ…»

«ከሟቹ በቅሎና ከሁለቱ በሬዎቹ ትወስዳለህ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ልጅቱ ደግሞ የሟች ንብረት አይደለችም። በሐሰት ያሳሰሩት ሰው ካሳ ከሁሉ ይቀድማል፤ አንዱ በሬ የከድር ነው። የቀረው ይድረስህ። የሷንና የደምመላሽን ጥፋት ነገ አያለሁ።»

ነጋዴው ተቀመጠ። ባላምባራስ ሕመምተኛ ጉልበታቸውን አጥፈው የከድርን ሰንሰለት በገዛ እጃቸው ይፈቱ ጀመር። ቁልፉ ዝጎ እንቢ አላቸው።

«ባላምባራስ» አለ ከድር ከላያቸው፤ «ለኃይለየሱስ መቶ ሃያ ብር ተቆረጠ። እኔን ቢገድሉኝ ኖሮ፣ ለኔስ ጉማ፣ የደሜን ዋጋ፣ ስንት ይቆርጡልኝ ነበር?»

ባላምባራስ ስንት ዓመት ሲፈርዱ ወታደር ለገባር ደም የከፈለበት ቀን ትዝ አላላቸውም። ቁልፉን ብቻ ያዞራሉ። በመጨረሻ ብረቱ ተከፈተ።

ከድር ቁርጭምጭሚቱን አሻሸ፣ ሄዶ ጦሩን ከሸንጎው መካከል አነሣ፣ ጫፉን በሣር ጠረገው። ሊሄድ ሲል ግን ቆመ። ሊያሾፍ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀው።

«የጎደለውን ማር አሁን ለማን ነው የማመጣው?»

ባላምባራስ በየነ እንደተንበረከኩ ቀሩ፤ ቀና ብለው የሚያዩበት ፊት አጡ።