ሰባቱ ክፍተቶች

ሀሴት ኮምፒውተሩ ላይ ተቆራርጦ የወረደውን የዋቢ መስመር ከላይኛው ጋር ልታገናኝ ቁልፉን ስትጫን፣ በመጽሐፉ ርዕስ መሀል ትልቅ ክፍተት ተፈጠረ። ሁለተኛውን ዋቢ ሞከረች፤ እሱም መሀሉ ባዶ ሆነ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ዝርዝሩ ጥርሱ የረገፈ አፍ መሰለ።

ጽሑፉ የእሷና የጓደኛዋ የባሂራ ነው። ስለ ማረቆ በርበሬ ገበያ ለአሥራ አንደኛ ክፍል የጥናት ውድድር ያዘጋጁት ነው። ሀሴት ገበያው ወዳለባት ቆሼ ድረስ ሄዳ ፎቶ አነሳች፣ መጻፉን ደግሞ ባሂራ ወሰደች። ዛሬ የቀረው የዋቢ መጻሕፍቱን ዝርዝር መልክ ማስያዝ ብቻ ነበር። ጽሑፉን የሚቀበሏቸው መምህር ባልቻ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። የእያንዳንዱ ዋቢ የመጀመሪያ መስመር ከግራው ጠርዝ ይጀምር፣ የቀረው ገባ ይበል፣ በቃላቱ መካከል ያለው ርቀትም እኩል ይሁን ይላሉ። ዋቢው የተዝረከረከ ጽሑፍ ውስጡም የተዝረከረከ ነው ባይ ናቸውና ሳያነቡ ይመልሱታል።

ሀሴት በቃላቱ መካከል ያሉት የማይታዩ ምልክቶች እንዲታዩ አደረገች። በየክፍተቱ ትንንሽ ነጥቦች ተደረደሩ። ቆጠረቻቸው፤ ሰባት ናቸው። በሚቀጥለውም ሰባት፣ ከዚያ በሚቀጥለውም ሰባት።

ስፔስ የሚባለውን የክፍተት ቁልፍ ሰባት ጊዜ እየመታ መስመር የሚያስገባ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች፤ እናቷን። እናቷ ምሥራቅ፣ ሀሴት አሁን የተቀመጠችበት የትየባ ጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ ሙያውን የተማረችው በታይፕ መኪና ነው። በታይፕ ሌላ መላ አልነበረም፤ ኮምፒውተር ከገዛች በኋላም አልተወችውም። ሀሴት ኮምፒውተሩ እኮ ራሱ ያስገባዋል እያለች ስታሾፍባት፣ «እጄ የለመደውን የት ልጣለው?» ብላ ትስቃለች። ወረቀት ላይ ሲታተም አይታወቅም። የፊደሉ መጠን ሲቀየር ግን መስመሩ ይፈርስና ጉዱ ይወጣል። ባሂራ ደግሞ ፊደሉን አተልቃዋለች።

ታዲያ የእናቷ እጅ እነሱ ጽሑፍ ውስጥ ምን ይሠራል?

ለማወቅ ብዙ አልደከመችም። የደንበኞች ጽሑፍ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ በየስማቸው ተቀምጧል። የሰይዶን ከፈተች። ሰይዶ ወጣት የግብርና ባለሙያ ነው፤ ስለዚያው የበርበሬ ገበያ ለሁለተኛ ዲግሪው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚያቀርበውን ጥናት የተየበችለት እናቷ ናት። ዋቢው ከእነሱው ጋር አንድ ነው። ገጾቹም አንድ ናቸው። ባሂራ የቀየረችው ርዕሱንና የፊደሉን መጠን ብቻ ነበር።

ሀሴት ፈራች። ባለፈው ሳምንት እናቷ ለቅሶ በሄደችበት ቀን፣ ሀሴት ወረቀት ልትገዛ ስትወጣ ባሂራን ኮምፒውተሩ ላይ ትታት ነበር የሄደችው። እናቷ ደግሞ አጥብቃ የምታስጠነቅቃት ነገር ቢኖር ሰው ብቻውን እንዳትተይ ነው። የሰው ጽሑፍ ከአፍ እንደሚወጣ ቃል ነው፣ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም ትላለች። ከመንገዱ ማዶ የነበረው ጽሕፈት ቤት የአንድ ደንበኛ ጽሑፍ ሾልኮበት ውሎ ሳያድር ተዘግቷል፤ ሰው ሁሉ ሸሸው። ሀሴትና እናቷም የሚበሉት ከዚህችው ክፍል ነው።

ከዘቢዳር ተራራ በኩል የመጣው ደመና አስፋልቱን አጨለመው። መብራቱ ድርግም ብሎ ተመለሰ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ ባሂራ ናት።

«ሀሱ፣ ጨረስሽ? መምህር ባልቻ እየጠበቁን ነው።»

«ይሄን የጻፈው ሰይዶ ነው» አለች ሀሴት።

ከባሂራ ጀርባ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል።

«ወላሂ ልጽፈው ሞክሬ ነበር» አለች ባሂራ። «አልሆነልኝም። አንቺ የድርሻሽን ጨርሰሽ ስትጠብቂኝ ደግሞ ጨነቀኝ። አሁን አታካብጂ፣ ዋቢውን ብቻ አስተካክይው። ማንም አይነቃም።»

ሀሴት ጥናቱ ካሸነፈ ወልቂጤ እንደሚላክ አስታወሰቻት። ሰይዶም የሚያቀርበው እዚያው ነው። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙ ሌባ የሚባለው ማን እንደሆነ ጠየቀቻት። ባሂራ ማልቀስ ጀመረች። ስልኩ ተዘጋ።

ክፍተቶቹን ማጥፋት ቀላል ነበር። ሰባቱን በአንድ ተካ ብላ ብታዝዘው ኮምፒውተሩ ዝርዝሩን በቅጽበት ያጸዳዋል። ያኔ የእናቷ እጅ አይታይም፣ የሱቁ ስም አይነሳም፣ ባሂራንም አታጣትም። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ግን ከተጫነችው በኋላ ሌባዋ ባሂራ ብቻ አትሆንም። ይህን ስታስብ ጣቷን አነሳች።

እናቷ ነጠላዋን እያራገፈች ገባች። ልጇን አየት አድርጋ ምን ሆነሽ ነው አለቻት። ሀሴት ስክሪኑን አዞረችላት። እናቷ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ይሄ የኔ እጅ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከዚህ ማን አወጣው?»

ሀሴት አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ ባሂራን ትታት መሄዷንም ጭምር። እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ለሀሴት ይሻላት ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀረች። ሰይዶ ጽሑፉን ሊወስድ ዛሬ እንደሚመጣ፣ ራሷ እንደቀጠረችው ነገረቻት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሰይዶ ቦርሳውን አናቱ ላይ ይዞ እየሮጠ ገባ። እየሳቀ ሰላም አላቸውና ጽሑፌ ደረሰ ወይ አለ። እናቷ ልትነሳ ስትል ሀሴት ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

«ተይ እማዬ፣ እኔ ልንገረው።»

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ከፈተችና ወንበር ሳበችለት። ሰይዶ አሁንም ፈገግ እንዳለ ተቀመጠ።