ሐጂ ሞቃቱን ክፍል ለምን መረጡ?

አብዱልሃኪም ብርጭቆውን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ ነው ጣቢያ ይዞት የመጣው። ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አኖረውና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«አባቴን የገደለው ይህ ነው፤» አለ። «የሰጠችውም የወንድሜ ሚስት ናት።»

ኢንስፔክተር ዘርፉ ፌስታሉን ገልጣ አየች። ከብርጭቆው ግርጌ ቡናማ አተላ ደርቋል። ቀብሩን ስትጠይቀው ትናንት ከአስር ሰዓት በፊት መፈጸሙን ነገራት። ብርጭቆው ከሟቹ አልጋ ሥር መገኘቱንም ነገራት። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ነካው ስትለው ግን መቁጠር ጀምሮ ተወው። ዘርፉ በረጅሙ ተነፈሰች። ሟቹ ተቀብረዋል፤ ብርጭቆው ከእጅ እጅ ዞሯል፤ አዲስ አበባ ለምርመራ ቢላክም ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ልጇ ከትምህርት ቤት አስር ደቂቃ ስትዘገይ ሆስፒታል የምትደውል እናት ናት፤ ክፉ ክፉውን ማሰብ ይቀናታል። የዛሬው ክፉ ግን ጭራም ቀንድም አልነበረውም።

ሟቹ ሐጂ አብዱልጀባር የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። ከባቱ ወደ አዳማ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመላልሱ ሦስት አይሱዙዎች ነበሯቸው፤ ሥራውን ለትልቁ ልጃቸው ለአብዱልሃኪም ካስረከቡ ቆይተዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ የልብ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። በሞቱበት ማለዳ የሱብሒን ሶላት ሰግደው ሲነሡ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ትንፋሽ ነበራቸው፤ ግማሽ ሰዓት ግን አልቆዩም።

ተጠርጣሪዋ ኑሰይባ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ባሏ ሰዓድ፣ የሐጂ ትንሹ ልጅ፣ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚገኘው በወር ሁለት ቀን ነው። የሁለት ወር ሕፃን ታቅፋ ቀረበች። መጀመሪያ ለአማቷ ያቀረበችው ሻይ ነው አለች። የሻይ አተላ እንዲህ አይሸትም ስትባል ብርጭቆውን አላውቀውም አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠየቅ አለቀሰች።

የጣቢያው ኮማንደር ሁለት ጊዜ የዋሸ ሰው ቤቱ አያድርም ብሎ አዘዘ። ኑሰይባም ከነሕፃኗ ጣቢያ አደረች። በማግስቱ ማግስት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሰው ግድያ ተጠርጥራ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው።

«አዴ ዘርፉ፣» አለ ረዳቷ ሳጅን ፈዬራ፣ የኑሰይባን ቃል እያጠፈ፤ «የፈራ ሰው ይገረጣል። ይህች ልጅ ግን በዋሸች ቁጥር ትቀላለች።»

«እና?»

«እፍረት ነው። አምስት እህቶች አሉኝ፤ አውቀዋለሁ።»

ዘርፉ ይህን አልረሳችውም።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂን የተቀበሏቸውን ዶክተር ምንተስኖትን አገኘች። ዶክተሩ አንድ ወረቀት ገፋላት። የደማቸው ውጤት የደረሰው ካረፉ በኋላ ነበር።

«ፖታሲየም የሚባል ጨው አለ፤ ልብ በሥርዓቱ የሚመታው በእሱ ነው፤» አላት። «የሐጂ መጠን ከሚገባው ግማሽ ነበር።»

«መርዝ እንዲህ ያደርጋል?»

«አንድ ብርጭቆ፣ የፈለገው ነገር ይኑርበት፣ በአንድ ሌሊት እዚህ አያደርስም። ይህ የሳምንታት ሥራ ነው። ከልብ መድኃኒታቸው ጋር ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን ይወስዱ ነበር፤ እሱ ራሱ ይህን ጨው በሽንት ይዞ ይወጣል። ግን ብቻውን ይህን ያህል አያወርድም። በሌላ በኩልም ሲፈስ ነበር።»

«ተቅማጥ?»

«እሱን ነበር የምገምተው። ካርዳቸው ላይ ግን የለም።»

ዘርፉ ካርዱን ራሷ አነበበችው። ከአምስት ሳምንት በፊት በተደረገው ክትትል ላይ ነርሷ «ባህላዊ መድኃኒት፦ አይወስዱም» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ «ፖታሲየም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይመርመር» የሚል ትእዛዝ አለ። ውጤቱ ግን የለም።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ሐጂ ቤት ሄደች። ያገኘቻት የሐጂ ታላቅ እህት ሰሊማ ናት፤ ወንድሟ ሚስቱ ስትሞትበት ከሁሩታ መጥታ ቤቱን የያዘችለት እሷ ናት። ሐጂ ከወር በፊት ከሰፊው መኝታ ቤታቸው ወጥተው ጓሮ ወዳለችው ትንሽ ክፍል መዛወራቸውን ዘርፉ ሰማች። ምክንያቱን ስትጠይቅ ሰሊማ የአዳማን ሙቀት አማረረች። ወንድሜ ነፋስ ፈልጎ ነው አለች።

ዘርፉ ክፍሉ ውስጥ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ የቆርቆሮ ነው፤ በሩ ወደ ምዕራብ ነው፤ ጣሪያው ኮርኒስ የለውም። ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ ላቧ በጀርባዋ ወረደ። ሰፊው መኝታ ቤት ግን ድርብ መስኮትና ማራገቢያ ነበረው። ከሙቀት የሚሸሽ ሰው እዚህ አይመጣም። በሩን ከፈተችና ቆጠረች፤ አራት እርምጃ። በአራተኛው የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ደረሰች።

ተመልሳ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀበቶ አየች። ሁለት አዲስ ቀዳዳ በምስማር ተበስቷል። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጫፉ ላይ ትንሽ ወረቀት የተንጠለጠለበት ነጭ ክር አወጣች፤ ከዚያም ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። የዚህ ቤት ሻይ ግን ቅጠሉ በቆርቆሮ የተቀመጠ እንደሆነ ኩሽና ስታልፍ አይታለች። እዚያው ኩሽና ማጥለያው ላይ ጠፍጣፋ፣ ኩላሊት የመሰለ የዘር ልባስ ተጣብቆ ነበር።

«የወንድምዎ ሆድ እንዴት ነበር፣ እማማ ሰሊማ?»

ሰሊማ ሻሿን አስተካከለች። ደህና ነበር አለች። ከሱቅ ሥራዋ ለምሳ ብቅ ያለችው የሐጂ ሴት ልጅ ሱሃይላም ያንኑ ስትጠየቅ ቱግ አለች።

«አባቴን እኮ ነው የምትጠይቂኝ! እንዲህ ያለ ነገር በምን አፌ ጠይቄው ላውቅ?»

ዘርፉ ደሟ ፈላ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስትቆይ ሰው ስለ ደም፣ ስለ ቢላዋ፣ ስለ ውሽማ ሲያወራላት ኖሯል። ስለ ሆድ ሲሆን ግን ምላስ ሁሉ ተቆልፏል። አንዲት አራስ ነገ በግድያ ልትከሰስ፣ እነዚህ ደግሞ ሻሽ ያስተካክላሉ።

ጣቢያ ተመልሳ ኑሰይባ አጠገብ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

«ከእናትሽ ቤት መቼ ተመለስሽ?»

ኑሰይባ የበኩር ልጇን ወለንጪቲ፣ እናቷ ዘንድ ነው የወለደችው። ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ታርሳ፣ የተመለሰችው ሐጂ ከመሞታቸው አራት ቀን በፊት ነበር።

«ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ሆድ የሚያስኬደው ቅጠል፣ ሰናመኪ ነው፤ አይደል?»

ልጅቷ እንደገና ቀላች። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። በተመለሰችበት ማታ አማቷ ሆዴ ደርቆ ተቸገርኩ ብለው በሹክሹክታ እንደለመኗት፣ የተፈጨ ገዝታ ሁለት ማታ እንዳፈላችላቸው ተናገረች።

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ? እስር ቤት ነው እኮ ያለሽው!»

«አደራ አሉኝ። የአማት ሆድ እንዴት ይወራል? ለማንም አትንገሪ፣ በተለይ ለአዳዳ ሰሊማና ለሱሃይላ አሉኝ።»

አዳዳ ማለት በእነሱ ቤት የአባት እህት ናት። ዘርፉ ተነሣች።

«ፈዬራ፣ ዶክተሩን ጥራልኝ። ቤተሰቡን በሙሉ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እፈልጋለሁ።»

ከዐስር ሶላት በኋላ ሁሉም በሐጂ ቤት ሳሎን ፍራሹ ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ። አብዱልሃኪም ከጣቢያ የመጣችውን ኑሰይባን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ሰዓድ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ሚኤሶ ደርሷል ተብሏል።

«ሐጂን የገደለ መርዝ የለም፤» ብላ ጀመረች ዘርፉ። «ሰውነታቸው ለሳምንታት ተሟጥጦ ነው ልባቸው የቆመው። ኑሰይባ በእነዚያ ሳምንታት ወለንጪቲ ነበረች። ስለዚህ የመጨረሻው ብርጭቆ የእሷ ቢሆንም ሳምንታቱ የእሷ አይደሉም። ሐጂ የቤቱን ሞቃት ክፍል የመረጡት ለነፋስ አይደለም፤ ከመጸዳጃው አራት እርምጃ ስለሆነ ነው። ቀበቷቸውን ሁለት ጊዜ አጥብበዋል። ያን ያህል ሲፈስሳቸው ኖረው ኑሰይባን ደግሞ ሆዴ ደርቋል ብለው ለመኑ። ይህ እኔንም ግራ አጋብቶኝ ነበር። ዶክተር፣ ያስረዱልን።»

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። አንጀት በቅጠል መገፋት ከለመደ ያለ ቅጠሉ መንቀሳቀስ እየሰነፈ ይሄዳል አለ። ያ ጨው ሲጎድል ደግሞ ጭራሽ ይተኛል። ሰውየው ድርቀቱ የባሰ እየመሰለው ቅጠሉን ይጨምራል፤ ሲጨምር ይሟጠጣል።

«ከየት ነበር የሚጨምሩት?» አለች ዘርፉ። «ማጥለያው ላይ የሰናመኪ የዘር ልባስ አግኝቻለሁ፤ ኑሰይባ ግን የገዛችው የተፈጨ ነው፤ ብርጭቆው ላይ አተላው አለ። ክፍላቸው ውስጥ ደግሞ በዚህ ቤት የማይፈላ የከረጢት ሻይ ክር አለ። ሦስት ዓይነት፣ ከሦስት እጅ። ኑሰይባን ‹በተለይ ለሰሊማና ለሱሃይላ አትንገሪ› ብለዋት ነበር። አንድ ሰው ከሰፈር ሁሉ መርጦ ከሁለት ሰው የሚደብቀው ለምንድን ነው?»

የሰሊማ እጅ ወደ ሻሿ ሄደ። በተሰበረ ድምፅ ተናገረች።

«ሁልጊዜ ማለዳ እቀቅልለት ነበር። ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ ብሎኝ።»

ሱሃይላ ወደ አክስቷ ዞረች።

«ለእኔም እንደዚያው ነው ያለኝ።» ከቦርሳዋ ካርቶን አወጣች፤ ላዩ ላይ ወገበ ቀጭን ሴት ተሥላለች። «የማቅጠኛ ሻይ ነው፤ ሰናመኪ እንዳለው ጀርባው ላይ ተጽፏል። ከሥራ ስመለስ አንድ አንድ እነክርለት ነበር፤ የመጀመሪያውን ካርቶን ከጨረስኩ አምስት ሳምንት አልፏል። አንድ ብርጭቆ ምን ይጎዳዋል ብዬ። እኔን አምኖ ስለነገረኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ሰናመኪ እኮ መድኃኒት ነው፤» አለች ሰሊማ፣ ወደ ዶክተሩ እየተማጸነች። «እናታችንም ትሰጠን ነበር። እንዴት ይገድላል?»

«መድኃኒት ስለሆነ ነው ልክ ያለው፣ እማማ። ድርቀት አልፎ አልፎ ለያዘው ጤነኛ ሰው፣ በትንሹ፣ ማታ፣ ለጥቂት ቀን ቢወሰድ ይረዳል። ከአንድ ሳምንት ካለፈ ግን ሐኪም ማየት ነው። ሌላ ኪኒን የሚወስድ፣ ይልቁንም የልብና ውሃ የሚያስወጣ፣ ሳይጠይቅ አይነካውም። ሆዱን አጥብቆ የቆረጠው፣ ያስመለሰው ወይም ደም ያየ ሰው ቅጠል ሳይፈልግ በቀጥታ ወደ እኛ ይምጣ።»

«ይህን ለአባታችን ማንም አልነገረውም፤» አለ አብዱልሃኪም በቁጣ።

ዘርፉ ይህን ስትጠብቅ ነበር። የካርዱን ግልባጭ ፊቱ ዘረጋች።

«ሊነገራቸው ነበር። ነርሷ ባህላዊ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብላ ጠይቃለች። የተጻፈው መልስ ‹አይወስዱም› ነው። በእነዚያ ቀናት እህትዎ የመጀመሪያውን ካርቶን ጨርሳ ነበር። አባትዎን ለክትትል የሚወስዷቸው እርስዎ ብቻ ነዎት። ማን መለሰ?»

አብዱልሃኪም ወረቀቱን አየ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

«ስለ ሆዱ፣ ስለ መጸዳጃ ጠየቀችው። እኔ ፊት፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እየሰማ። ደህና ነው፣ ምንም አይወስድም አልኳት።»

«እሳቸውስ?»

«ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤» አለ ቀስ ብሎ። «እኔን አየኝና ዘጋው።»

«የደም ምርመራውስ?»

ባቱ ላይ ቲማቲም ተጭኖ ነበር፤ በዚያ ፀሐይ ግማሽ ቀን ከቆመ ይፈርሳል። ነገ እንመለሳለን አለ። ነገ ደግሞ ሽንኩርት ነበር። ይህን ሁሉ የተናገረው መሬት መሬት እያየ ነው።

«ገዳዩ እኔ ነኝ በይኛ።»

ዘርፉ ብትል ደስ ባላት ነበር። አንድ ስም ጽፋ መዝገቡን ዘግታ ቤቷ መሄድ አማራት። ነገር ግን ሁለት ቀን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ስትፈልግ ያገኘችው፣ ሐጂን የሚወዱ አራት ሰዎችን ነው፤ የሚታሰር እንኳ የለም።

«በሕግ ገዳይ የለም፤» አለች። «ትናንት ይዘው የመጡት ክስ ግን አለ። እሱን አሁን ያንሡ።»

ፈዬራ ወረቀት አቀረበለት። አብዱልሃኪም ጻፈ፤ ፈረመ። ከዚያ ኑሰይባ ፊት ቆሞ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ከወጣው ቃል የተሰማው ይቅርታ የሚለው ብቻ ነበር። ዘርፉ ለኮማንደሩ ደወለች። ኮማንደሩ የሐኪሙ ወረቀት ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ጠየቀ፤ ካጉረመረመ በኋላ ልጅቷ ቤቷ ትግባ አለ።

ሰው መነሣት ጀመረ። ኑሰይባ ግን አልተነሣችም። ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረችና፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ ዶክተሩን ተጣራች።

«ዶክተር፣ እኔንም ከወለድኩ ጀምሮ ድርቀት ያሠቃየኛል። ከእሳቸው የተረፈውን ሰናመኪ ልጠጣው ነበር። የማጠባ ነኝና ልጄን ይጎዳዋል?»

ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። አብዱልሃኪም ይህን ላለመስማት ወደ በሩ አመራ።

«ይቀመጡ፤» አለችው ዘርፉ።

ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰሊማ እጇን ከሻሿ አወረደችና ልጅቷ አጠገብ ተጠጋች።

«አሁን አትጠጪው፤» አለ ዶክተሩ፣ ብዕሩን እያወጣ። «መጀመሪያ የምጠይቅሽ አለኝ። ሰገራ ከተቀመጥሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«ስድስት፤» አለች ኑሰይባ፣ ሁሉም እየሰማት።