አምስት ደቂቃ የሚፈሰው ውሃ

ይህ የደረሰው በእኔው ቤት ነው። ካላመናችሁኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም በዓይኔ እስካየው ድረስ አላመንኩም ነበር።

ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነው... ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ።

ቦታው ወጥ ቤት።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር የተዛነፈ ነገር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ «ቅዠት ነው» ልትሉኝ ያሰባችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

አሮጌ ቤት ተከራይተን ከገባን ሁለት ሳምንት ሆኖን ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ እና የአራት ወር ሴት ልጃችን። ልጃችንን «አለቃ» ነው የምንላት፤ ስታዝ እንጂ ስትታዘዝ አይተናት አናውቅም። የእናቷ ወተት ስላልበቃት በጡጦ የቆርቆሮ ወተት ትጠጣለች። የሚበጠብጡላት አማቴ ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ማንንም አያምኑም። ማታ ማንቆርቆሪያውን አጥበው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ልክ ከቧንቧው አፍ ስር ያስቀምጡታል። ጠዋት ውሃ ቀድተው ያፈላሉ።

አንድ ቀን ጠዋት የውሃ ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

ሄድኩ። ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

ማንም የለም...

ማንቆርቆሪያውም ከቧንቧው ስር የለም። ዳር ላይ ተቀምጧል። ባዶውን። ክዳኑ ተከድኗል።

አማቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ማንቆርቆሪያዬን ምን አደረግኸው?» አሉኝ በሹክሹክታ። አለቃ ተኝታለች።

«እኔ አልነካሁትም፣ እማማ።»

«ታዲያ እኔ ነኛ።»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ፊትህ ብሏል።»

በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀንም። እኔ አማቴን ጠረጠርኩ፤ አማቴ እኔን። ባለቤቴ ሁለታችንንም።

በአራተኛው ቀን ቀድሜ ተነሥቼ ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ከቧንቧው አልነቀልኩም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ...

መጀመሪያ ማንቆርቆሪያው ተንሸራተተ። ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ የያዘው ሰው እንዳይነቃ እንደሚደረገው። ከዚያ የቧንቧው እጀታ ዞረ።

ሲጥ... ሲጥ...

ውሃው ወረደ።

መጮህ ነበረብኝ። ግን የማውቀውን አደረግኩ፤ ሰዓቴን አየሁ።

አምስት ደቂቃ ፈሰሰ። ከዚያ እጀታው ተመልሶ ዞረና ተዘጋ። ጥብቅ ተደርጎ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳታመልጥ።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ልበል? አከራያችንን «ቧንቧው ከኛ በፊት ይነሣል» ልበላቸው?

የዚያኑ ቀን ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ስር ገባሁና የውሃውን ዋና መዝጊያ አገኘሁት። አንድ ወፍራም፣ ግራጫ ቱቦ ላይ ነው ያለው። ስፒል የምለቅምበትን ማግኔት እንደ ልማዴ ቱቦው ላይ ልለጥፈው ብል ተንሸራቶ ወደቀ። ደግሜ ለጠፍኩት። ደግሞ ወደቀ።

ማግኔት የማይዘው ምን ዓይነት ብረት ነው? አልኩና... ተውኩት።

የተውኩት እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ዋናውን መዝጊያ እዘጋለሁ፤ እጀታውን ነቅዬ ትራሴ ስር አድርጌ እተኛለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ራሴ እከፍታለሁ፤ የመጀመሪያውን ውሃ አንዲት ጠብታ ሳላባክን በቀጥታ ማንቆርቆሪያው ውስጥ። ማንቆርቆሪያው አሁንም ጠዋት ጠዋት ዳር ላይ ነው የሚገኘው። እኔም ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። እልህ ተጋባን።

ውሃው መፍሰሱን አቆመ። አሸነፍኩ ብዬ አማቴ ፊት ትንሽ ተንጎራደድኩ።

መዝጋት በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ድምፅ መጣ።

ከግድግዳው ውስጥ። ከአለቃ አልጋ ጀርባ።

ፍቅፍቅ... ፍቅፍቅ...

«አይጥ ነው» አልኩ።

አማቴ ሰዓቱን አዩ። አሥራ ሁለት ከሩብ ነው።

«በየቀኑ በዚሁ ሰዓት?» አሉኝ። «አይጥ ሰዓት ያያል እንዴ?»

ቤቱ ከገባን ሰባት ሳምንት ሲሆነን አለቃ መሳቅ አቆመች። ሆዷ ደረቀ። ጡጦውን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ቀለሟ እንደታጠበ ጨርቅ ነጣ። ማዘዝ ተወች... እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ደሟ ተመረመረ። ሲስተሯ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ቤታችሁ አሮጌ ነው?»

«አዎ።»

«ደሟ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ተገኝቷል። ቱቦው ሳይሆን አይቀርም። የድሮ ቤቶች ላይ ከእርሳስ የተሠራ አለ።»

«አፍልቼ ነው የምሰጣት» አሉ አማቴ። ድምፃቸው የተከሰሰ ሰው ድምፅ ነው። «አንድም ቀን ሳላፈላ ሰጥቻት አላውቅም።»

«ማፍላት ተሕዋስያን ይገድላል፣ እናቴ። እርሳሱን ግን አያወጣውም። ውሃው በተነነ ቁጥር ጭራሽ የቀረው ላይ ይበዛል።»

አማቴ እጆቻቸውን አዩ።

«ጠዋት ውሃውን እንዴት ነው የምትቀዱት?» አለችኝ ሲስተሯ።

«ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ» አልኩ። «ምንም አላባክንም።»

ብዕሯን አስቀመጠች።

«የከፋው እሱ ነው። ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ የተኛው። ቱቦው እስኪቀየር እናንተም ብትሆኑ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ማፍሰስ አለባችሁ። አምስት ደቂቃ ያህል። ለሕፃኗ ግን ከዚያ ቤት ጠብታ እንዳትሰጧት።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አምስት።»

ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛ አመጣሁ። ከገንዳው ስር ገብቶ ቱቦውን በቁልፉ ጫፍ ፋቅ አደረገው። ግራጫው ተነሣና ከስሩ እንደ ብር አበራ።

«እርሳስ ነው» አለ። «ለስላሳ ነው፣ በጥፍርም ይፋቃል። ማግኔትም አይዘውም።»

ማግኔቴ ኪሴ ውስጥ ከበደኝ።

መስመሩ ከወጥ ቤቱ ተነሥቶ በግድግዳው ውስጥ ከአለቃ አልጋ ጀርባ ያልፋል። ልስኑ የድሮ ነው፤ ስንጥቅ እንኳ የለውም። መዶሻውን አነሣና ሰበረው።

ከዚያ ሥራውን አቆመ።

«ወንድሜ» አለኝ ዝግ ብሎ። «እዚህ ገብቶ የነካካ ሰው አለ?»

«የት?»

«እዚህ።»

ቱቦው ከዳር እስከ ዳር ተፍቋል። አራት አራት መስመር... አራት አራት መስመር... ሁሉም ያበራል።

«አዲስ ነው» አለ። «ቢቆይ ይጠቁር ነበር።»

«ግድግዳው ግን...»

«ግድግዳውን አሁን እኮ ነው ያፈረስኩት።»

ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ለካሁ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ አራተኛው ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል። ጓንት ሰፍቼ አውቃለሁ። የአዋቂ ሰው እጅ ነው። የሴት።

ሠራተኛው እስከ መንገዱ ድረስ ያለውን ሁሉ ቀየረው፤ ሦስት ቀን የሚፈጀውን ሥራ በሁለት ቀን ጨርሶ ሄደ። ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ ነው እስክንባል ድረስ ለአለቃ ከውጭ እናመጣላት ነበር።

አማቴ ጠዋት ጠዋት ባዶው ወጥ ቤት በር ላይ ቆመው «ተባረኪ» ይላሉ። ማንን እንደሆነ አልጠይቃቸውም።

ቱቦው በተቀየረ በሁለተኛው ወር አለቃ ሳቀች። ሲስተሯ ደሟ ውስጥ ያለው እርሳስ ወርዷል አለችን፤ ክትትሉ ግን አልተቋረጠም። ማንቆርቆሪያው ማታ የተቀመጠበት ቦታ ያድራል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ ቤቱ ጸጥ ይላል።

ባለፈው ሳምንት ግን በዚያው ሰዓት በራችን ተንኳኳ።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። አስተማሪ ናት። እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቀሰቀስኩህ። መፍቻ ታውሰኛለህ?»

«ለምንሽ?»

«ቧንቧችን ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ራሱን ይከፍታል። ዋናውን መዝጊያ ላጥብቀው ብዬ ነው።»

መፍቻው እዚያው ከበሩ ጀርባ ነበር። በእግሬ ገፋ አደረግኩት።

«አትዝጊው» አልኳት።

«እንዴ?»

«እንዳትዘጊው። የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ እሰጥሻለሁ፣ ዛሬውኑ ይምጣልሽ። እስከዚያ ከሱ እንዳትጠጪ።»

እንደ እብድ አየችኝ። አልፈረድኩባትም።

ከጀርባዋ፣ ክፍት ከተወችው በሯ ውስጥ፣ ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል።

«ቤት ማን አለ?»

«ማንም። ባለቤቴ መስክ ወጥቷል።»

ሰዓቴን አየሁ። አምስተኛው ደቂቃ እየሞላ ነው።

ሲጥ... ሲጥ...

ውሃው ቆመ።

ጎረቤታችን ቀስ ብላ ዞረች። ሁለታችንም ሰማነው...

አንድ ሰው ማንቆርቆሪያ ከደነ።