የኮንቴሳዋ ማዕድ

ኃይለመለኮት የሞተው የጣሊያን መስፍን ልብስ እንደለበሰ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የቲያትር ቡድኑ በተከራየው አዳራሽ ራሱ የሚያዘጋጀውን ቲያትር የመጨረሻ ልምምድ ሲያደርጉ፣ ከማዕዱ ላይ ተነስቶ ጉሮሮውን ያዘና ወደቀ። ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ አበጡ። አምቡላንስ ቢደርስም አልተረፈም። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገሩም፤ ሰውየው የኦቾሎኒ አለርጂ ነበረበት፤ ኦቾሎኒም በልቷል።

ምግቡን የሠራችው የሻሽወርቅ ነበረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው አፓርትመንቷ እንቅልፍ አጥታለች። ከኩሽናዋ ጠርሙሱንም ከረጢቱንም እያነሳች ጽሑፉን በጣቷ ትከተላለች። የአዋቂዎች የንባብ ትምህርት ከጀመረች ብዙም አልቆየች፤ ፊደሉን ትለያለች፣ ረጅሙ ቃል ግን ያመልጣታል። ለወጡ የተጠቀመችበት ዘይት አዲስ ዓይነት ነበር፤ ጠርሙሱን ጥላዋለች። ኦቾሎኒ አለበት የሚል ተጽፎበት ሳታነበው ቀርታስ ቢሆን? በገዛ እጇ ሰው ገድላስ ቢሆን?

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ አሁን ተዪው» ትላታለች ልጇ ሀሴት።

መርማሪዋ ሰጂዳ የመጣች ዕለት፣ ዓብዩና ያፌት ሊያጽናኑ መጥተው ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ዓብዩ ምክትል አዘጋጁ ነው፤ ያፌት ደግሞ ዳኛውን ይጫወታል። ሰጂዳ የወሎ ሰዎች ልጅ ናት፤ ያደገችው ቨርጂኒያ ስለሆነ አማርኛዋን ቀስ እያለች ነው የምትናገረው።

«እናቴ፣ መጀመሪያ ስለ ቲያትሩ ይንገሩኝ።»

«ድሮ ጣሊያን አገር ስለነበረች ኮንቴሳ፣ ስለ አንዲት የመኳንንት ሚስት ነው፤ ኦርሶላ ትባላለች። ገና በልጅነቷ ዳሯት። ባሏ ሲሞት ግንቡንም ርስቱንም እሷ ያዘች። የባሏ ወንድም፣ መስፍኑ፣ ሊነጥቃት ሲመጣ ለእርቅ ብላ ማዕድ ዘረጋችለት። በልቶ ሞተ። መርዘሽዋል ብለው ለፍርድ አቀረቧት።»

«መርዛው ነበር?»

«አልመረዘችም። ግን ማን ይመናት?» የሻሽወርቅ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

ኮንቴሳዋን የምትጫወተው ሀሴት ቀጠለች። «ጋሼ ኃይሌ የዚያን ዘመን ሰው በእጁ ነው የሚበላው አለን። ማሚ ደግሞ ‹ታዲያ እንደኛ ናቸዋ› አለችው። በቃ፣ እውነተኛ ምግብ ይሁን አለ። አራታችን፣ እሱ፣ እኔ፣ ዓብዩና ያፌት፣ ከአንድ ትሪ በላን። መጨረሻ ላይ ሁላችንም መስፍኑን እናጎርሰዋለን፤ ስክሪፕቱ ላይ አለ።»

«አንተስ በላህ?» ሰጂዳ ወደ ዓብዩ ዞረች።

«እንደ ሁሉም በላሁ፣ እንደ ሁሉም አጎረስኩ።» ዓብዩ የሻይ ስኒውን አስቀምጦ የየሻሽወርቅን እጅ ያዘ። «እትዬ፣ ማንም አይፈርድብሽም። ማንበብ ስለማትችዪ ነው። አለማወቅ ወንጀል አይደለም።»

የሻሽወርቅ አቀረቀረች። ሰጂዳ ዓብዩ ያለውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

በሳምንቱ አራቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ አኖረች፤ ያን ዕለት ፖሊሶች ያነሱት የትሪው ፎቶ ነው።

«ኦቾሎኒው ወጡ ውስጥ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ሰውየው ገና መብላት ሲጀምር ይታመም ነበር። እሱ ግን ከፊቱ ያለውን ጨርሷል። የታመመው ከጉርሻው በኋላ ነው። ስለዚህ ኦቾሎኒው የመጣው በአንድ ሰው እጅ ነው።»

ሀሴት እጆቿን አየቻቸው።

«ባልደረቦቼ ይህን ፎቶ ሲያዩ የተበላ ምግብ ብቻ ነው የታያቸው። እኔ ግን እናቴ ‹ከፊትሽ ብዪ› እያለች እጄን እየመታች ነው ያሳደገችኝ። እዩት። በሀሴት በኩል ትሪው ታጥቧል ማለት ይቻላል። በያፌት በኩል አጥንት ብቻ ቀርቷል።»

«ርቦኝ ነበር» አለ ያፌት አፍሮ።

«በዚህ በኩል ግን ወጡ እንደፈሰሰ ነው፤ ጣት አልነካውም። እዚህ የተቀመጠው ማን ነው?»

ሁሉም ዓብዩን አዩት።

«የምግብ ፍላጎት አልነበረኝም» አለ።

«በላሁ ብለኸኝ ነበር። ይሁን፣ አልበላህም። ያጎረስከውን ታዲያ ከየት አነሳኸው?»

ዓብዩ ቀኝ እጁን ኪሱ ሲከት ሰጂዳ ቀጠለች።

«ያን ዕለት ቀኝ እጅህ ባዶ አልነበረም። የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ እንጀራ ጠቅልለህ መዳፍህ ውስጥ ይዘህ ተራህን ትጠብቅ ነበር። በግራህ ብትበላ ሁሉም ያይሃል። ስለዚህ ሳትበላ ተቀመጥክ። የላቦራቶሪው ውጤትም ዛሬ መጥቷል፤ ትሪው ላይ ኦቾሎኒ የለም። የተገኘው ሟቹ አፍ ውስጥ ነው።»

«እንዲሞት አልፈለግኩም» አለ ዓብዩ በመጨረሻ። «የአለርጂ መርፌው ከኮቱ ኪስ አይለይም። ራሱን ይወጋል፣ ሆስፒታል ያድራል፣ የቅዳሜውን ትርኢት እኔ እመራዋለሁ ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ምክትል ሆኜ…»

«ኮቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተሰቅሎ ነበር» አለች ሰጂዳ። «መስፍን ሆኖ የለበሰው ልብስ ደግሞ ኪስ የለውም።»

የሻሽወርቅ ቀስ ብላ ተነሳች። «እቤቴ መጥተህ፣ እጄን ይዘህ፣ አለማወቅ ነው አልከኝ» አለችው። ዓብዩ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሀሴት እናቷን አቅፋ አለቀሰች። የሻሽወርቅ ግን አላለቀሰችም።

«እናቱ ሀያትስቪል ነው የምትኖረው» አለች ወደ ሰጂዳ ዞራ። «ማን ይነግራታል?»

«ባልደረባዬን እልካለሁ።»

«በምን ቋንቋ?» የሻሽወርቅ ቦርሳዋን አነሳች።

«ማሚ፣ እሱ በአንቺ ሊያላክክ ነበር እኮ። አንቺ የመሄድ ግዴታ የለብሽም።»

«ሰው ገድለሻል መባል እንዴት እንደሚያደርግ ሳምንቱን ሙሉ አየሁት። ልጅሽ ገደለ መባል ደግሞ ይብሳል። መኪናውን አስነሺ።»