የአርዋ ተራራ እህትማማች አበቦች

በዘርማት መንግሥት ፀሐይ ጠቁራ በወጣችበት ዕለት፣ ጠንቋዩ ዛርሞክ የከተማዋን ምንጭ በድግምት መረዘው። ከውኃው የጠጣ ሁሉ በቆመበት ደርቆ አንቀላፋ፤ ንግሥቲቱም በዙፋኗ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። የዛርሞክ መልእክተኛ ከቅጥሩ በር ቆሞ፣ «ተንበርከኩ! መድኃኒቱን ከጌታዬ እጅ ትቀበላላችሁ!» ሲል አወጀ።

ከውኃው ያልጠጣችው የንግሥቲቱ ልጅ ነህሬላ ሰይፏን መዘዘች። «ለጌታህ ንገረው! እናቴን አስነሣታለሁ፤ ጉልበቴ ግን ለእርሱ አይታጠፍም!»

ከሕፃንነቷ ያሳደጋትን አዛውንት ጋሻ ጃግሬ ባልጋድን አስከትላ፣ ያንቀላፋን የምታነቃ አበባ ወደምትበቅልበት ወደ አርዋ ተራራ በፈረስ ገሠገሠች። በጠባቡ መተላለፊያ ክንፋም ነብር ዘለለባቸው። ባልጋድ በጋሻው መከተ፤ እርሷ አንገቱን ቀላችው።

ከበረዶው ጫፍ ላይ አርሜላና ዱሬላ የተባሉት እህትማማች አበቦች ጎን ለጎን በቅለው ነበር። ሁለቱም የናና ዘመዶች ናቸው፤ ግንዳቸው አራት ማዕዘን፣ አበባቸው እንደ ከንፈር የተከፈለ፣ መዓዛቸውም አንድ። አርሜላ ያንቀላፋውን ታነቃለች፤ ዱሬላ የነቃውን ትገድላለች። አንዷ ስትቀጠፍ ሌላዋ ወዲያው ትረግፋለች።

ነህሬላ ቅጠል ከቅጠል፣ አበባ ከአበባ አስተያየች። «የዚህችኛዋ የታች ከንፈር ሰፋ ይላል። ግን የትኛዋ ናት? ሳልቀጥፍ እቀምሳታለሁ።»

ባልጋድ እጇን ያዘ። «እመቤቴ፣ ሕዝቡ የሚጠብቀው እርስዎን ነው።»

«አባ ባልጋድ፣ ይተዉ! አዝዝዎታለሁ!»

«ዕድሜዬን ሙሉ ታዝዣለሁ። ዛሬ ግን እምቢ!»

ጎንበስ ብሎ የባለ ሰፊ ከንፈሯን አበባ ማር መጠጠ። ጥቁረት ከአፉ ወደ ደረቱ ወረደ።

«ይህች አይደለችም» አለ በጭንቅ። «ሌላዋን ቁረጪ... ልጄ።»

ነህሬላ አስከሬኑን በካባዋ ሸፍና፣ አርሜላን ይዛ እያለቀሰች ወረደች።

ዛርሞክ ከነሠራዊቱ የከተማዋን በር ዘግቶ ጠበቃት። «ተንበርክኪና እለፊ!»

«አባቴን ገብሬ የመጣሁ ነኝ፤ አንተ ማን ነህና!» ብላ ፈረሷን ኮለኮለች። ጦር ትከሻዋን ቢወጋትም ሰልፉን ሰንጥቃ አበባዋን ከምንጩ ወረወረች። የውኃው እንፋሎት አደባባዩንና ቤተ መንግሥቱን ሲሞላ ያንቀላፉት ነቁ፤ ያገኙትን እያነሡ ጠላት ላይ ተመሙ። ዛርሞክም በነህሬላ ሰይፍ ወደቀ።

ንግሥቲቱ ልጇን አቅፋ፣ «ድግስ ይደገስ!» አለች።

«ባልጋድ በበረዶ ላይ ተኝቶ ማን ይበላል?»

ንግሥቲቱ ዘውዷን አውልቃ ለአሽከሯ ሰጠችና ቃሬዛ አስመጣች። አንደኛውን ጫፍ በገዛ ትከሻዋ ተሸክማ፣ ከተማውን ሁሉ አስከትላ ተራራውን መውጣት ጀመረች።