የኮሪደሩ ሙቀት

ብታምኑም ባታምኑም የራሳችሁ ጉዳይ ነው። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። እንድታደንቁኝ ብዬም አይደለም የምጽፈው... ማንም አድንቆኝ አያውቅም።

ጥር ወር ነው። እንግሊዝ አገር፣ የወደቧ ከተማ ግሪምስቢ፣ እናቴ ቤት። ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ በዚያ ብርድ ወራት ጨልሞ መብራት የሚበራበት ሰዓት።

ታላቅ ወንድሜን ኔቪልን ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር ከበላው ሃያ ዓመት አልፎታል። ሬሳው አልተገኘም። ካፖርቱ ግን ዛሬም እናቴ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል።

እኔ ካፖርቴን ሶፋ ላይ ነው የምጥለው። መስቀያ የለኝም።

ኔቪል እንዲህ ነበር፣ ኔቪል እንዲያ ነበር ትላለች እናቴ... የሞተች ላም ሁሌ ወተታም ናት። ዳቦዋን የማመጣላት፣ መስኮቷን የምወለውልላት እኔ ነኝ።

የቤቷ ማሞቂያ አሮጌ ነው። ወይ ያቃጥላል፣ ወይ ያንዘፈዝፋል። ስለዚህ ቴርሞስታት ገዛሁላት። ግድግዳ ላይ የሚገጠም ትንሽ ሳጥን ነው፤ ቤቱ ሲሞቅ ማሞቂያውን ያጠፋል፣ ሲበርድ መልሶ ያበራል።

የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ቀን እንኳ "ሮይ ነው ያሞቀኝ" እንድትል።

ሳጥኑን ሊገጥም የመጣው ባለሙያ ባሪ ኮሪደሩን መረጠ። እኛ ሰፈር ሁሉም እዚያ ነው የሚያስገጥመው። ብቻ ካፖርቱ ሳጥኑን ስለሚጋርደው ይነሳ አለ።

"ኔቪል ሲመጣ የት ይሰቅለዋል?" አለች እናቴ።

ባሪ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

"እማማ፣ ሃያ ዓመት የሚጓዝ ምን ዓይነት መርከብ ነው?" አላት ባሪ።

"ሻይህን ጠጣና ሥራህን ሥራ" አለችው።

ሳጥኑ ከካፖርቱ ትከሻ አጠገብ ተገጠመ። ባሪ ሄደ።

ሃያ ዲግሪ ላይ አደረግኩት። ቀጭ አለ፤ ማሞቂያው ተነሳ። ሙቀቱን የሚሰጡት የግድግዳ ብረቶች፣ ራዲያተሮቹ፣ ገና ለብ እንኳ ሳይሉ...

ቀጭ። ጠፋ።

ሃያ አምስት አደረግኩት። ተነሳ... ቀጭ። ጠፋ።

ኮሪደሩ ውስጥ ትንፋሼ እንደ ጭስ ይታየኛል። ሳጥኑ ግን ሞቋል ነው የሚለው።

መጨረሻው ሰላሳ ነው። እዚያ አደረስኩት።

ቀጭ።

"በረደኝ እኮ ሮይ" አለች እናቴ ከሳሎን። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ... "የአንተ ነገር።"

ይቺን "የአንተ ነገር" ዕድሜ ልኬን ሰምቻታለሁ።

የሚጋርደው ካፖርቱ ነው ብዬ ላነሳው ጨበጥኩት።

ሞቋል።

አሁን ከሰው ገላ ላይ እንደወለቀ... አንገትጌው ደግሞ እርጥብ ነው። ጨው ጨው ይሸታል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልፈራሁም። ቀናሁ። ሞቶ እንኳ ቦታውን አይለቅም?

ጠቅልዬ ጓሮ ወሰድኩት። የድሮው የከሰል ክፍል ውስጥ ወርውሬ ቆለፍኩበት።

ስመለስ ቀጭ አለ። ማሞቂያው አጓራ። ራዲያተሮቹ ጠሽ ጠሽ ይሉ ጀመር፤ የመስኮቱ ጉም ለቀቀ። የእናቴ ጣቶች ቀላ አሉ።

"ሞቀኝ" አለች።

አጠገቧ በርከክ አልኩ። እንደ ሕፃን ልጅ ዓይን ዓይኗን አየኋት።

"ማነው ያሞቀሽ፣ እማ?"

አየችኝ። አፏን ከፈተች...

ቀጭ።

ማሞቂያው ጠፋ።

ዓይኗ ከእኔ ላይ ተነስቶ ወደ ኮሪደሩ ሄደ። ፈገግ አለች። ለእኔ ፈገግ ብላልኝ የማታውቀውን ፈገግታ።

"መጣ" አለች በሹክሹክታ።

ያለ ከዘራዋ ተነሳች። አልፋኝ ሄደች። ተከተልኳት።

መስቀያው ባዶ ነው። በሩ እንደተዘጋ ነው።

እናቴ ከሳጥኑ ፊት ቆመች። ቀስ ብላ ወደ ጎን አዘነበለች... ጭንቅላቷን አየር ላይ አስደገፈች።

"እማ፣ ትወድቂያለሽ..."

"እሽሽ... ደክሞታል።"

እጄን ዘረጋሁ። ምንም አልነካሁም። ሙቀት ብቻ። በሰው ቁመት የቆመ ሙቀት።

እናቴ እኔ ላይ ተደግፋ አታውቅም።

ግንባሯ ላይ የወረደ ሽበቷ ብቻውን ተነሳና ከጆሮዋ ኋላ ገባ።

አልወደቀችም።

ጭንቅላቷ በቀስታ ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ ይላል። የሚተነፍስ ደረት ላይ እንዳረፈ።